ላፕቶፕ ለእያንዳንዱ የ7ኛ ክፍል ተማሪ፦ የሜይን ግዛት መርሐ ግብር

ሜይን በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ፣ ከካናዳ ጋር የምትዋሰን፣ 1.3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ግዛት ናት። ስሟ የሚነሣው ሎብስተር የተባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ በሚያጠምዱ ዓሣ አጥማጆቿ፣ በደኗና በወረቀት ፋብሪካዎቿ ነበር፤ ፋብሪካዎቹም አንድ በአንድ እየተዘጉ ሄደዋል። ይህች ግዛት በ2002 የትምህርት ዘመን ሲጀመር፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ለሚማር ለእያንዳንዱ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ላፕቶፕ ሰጠች። በዓመቱ 8ኛ ክፍልም ተጨመረ። በመላ ግዛት ደረጃ ይህን ያደረገ ከሜይን በፊት በአሜሪካ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) 7ኛና 8ኛ ክፍል ማለት እኛ አገር ልጆች ለ«ሚኒስትሪ» ፈተና የሚዘጋጁበት ዕድሜ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከሁለት ሰዎች ንግግር ነው። አንዱ በወቅቱ የግዛቱ አገረ ገዥ የነበሩትና በኋላ ለአሜሪካ ሴኔት የተመረጡት አንገስ ኪንግ ናቸው። ሌላው ሲሞር ፓፐርት፣ በደቡብ አፍሪካ የተወለዱ የሒሳብ ሊቅ፣ ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩና ሎጎ የተባለውን የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር የፈጠሩ ናቸው፤ በኋለኛው ዕድሜያቸው ኑሯቸውን ሜይን አድርገው ነበር። ኪንግ እንደሚያስታውሱት፣ አንድ ኮምፒውተር ለአምስት ተማሪ ከነበረበት ለሦስት ቢደርስ ምን ለውጥ እንደሚመጣ ፓፐርትን ጠየቋቸው። መልሱ አጭር ነበር፦ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ እስኪኖረው ድረስ የሚለወጥ ነገር የለም። ፓፐርት ይህን በእርሳስ ይመስሉት ነበር። ጽሕፈት በማይታወቅበት አገር እርሳስ ተፈለሰፈ እንበል፤ ከዚያ በየክፍሉ አንዳንድ እርሳስ ቢቀመጥና ልጆቹ ተራ እየጠበቁ ቢነኩት፣ «እርሳስ ለትምህርት አይጠቅምም» የሚል ጥናት መውጣቱ አይቀርም። ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ ተቆልፎ የሚውለውንና በሳምንት አንዴ የሚከፈተውን የኮምፒውተር ክፍል ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ምሳሌ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ2000 መጀመሪያ ላይ የግዛቱ በጀት 71 ሚሊዮን ዶላር ያህል ትርፍ እንደሚኖረው ታወቀ። ኪንግ ከዚህ 50 ሚሊዮኑን ለዘለቄታው የሚያገለግል የላፕቶፕ ፈንድ እናድርገው አሉ። ተቃውሞው ወዲያው ተነሣ። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሳይጠገን፣ የመምህሩ ደመወዝ ሳይሻሻል፣ የ12 ዓመት ልጅ ለሚሰብረው ዕቃ ይህ ሁሉ ገንዘብ? ጥያቄው ተራ ምቀኝነት አልነበረም፤ በድሃ ወረዳ ልጅ ያለው ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ነው። የግዛቱ ምክር ቤት ጉዳዩን የሚያጠና ግብረ ኃይል አቋቋመ፤ ግብረ ኃይሉ በ2001 መጀመሪያ ሪፖርቱን አቀረበ። ፈንዱ በመጨረሻ ወደ 30 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም ሐሳቡ ግን ተረፈ። በእኔ አመለካከት ያተረፈው «ሁሉም» የሚለው ቃል ነው። ዕድሉ ለጥቂት ጎበዝ ተማሪዎች ወይም ለጥቂት ሞዴል ትምህርት ቤቶች ብቻ ቢሰጥ ኖሮ፣ ያልደረሳቸው ወላጆች ሁሉ ይቃወሙት ነበር። በባሕር ዳርቻው ባለጸጋ ከተማ የሚኖረውና በምሥራቁ ጠርዝ፣ ድህነት በጸናበት፣ ዋሽንግተን ካውንቲ በሚባለው የሜይን ወረዳ የሚኖረው ልጅ አንድ ዓይነት ማሽን ሲይዙ ግን ክርክሩ መልኩን ለወጠ።

ጨረታውን ያሸነፈው አፕል ነው። በአራት ዓመት 37.2 ሚሊዮን ዶላር የሚከፈልበት ውል ከ33,000 በላይ ተማሪዎችንና ወደ 3,000 መምህራንን፣ በጠቅላላው 36,000 ያህል ላፕቶፖችን የሚሸፍን ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ወደ 240 ይደርሳሉ። ማሽኑ በዚያን ጊዜ አይቡክ የሚባለው ነጭ ላፕቶፕ ሲሆን፣ ገመድ አልባው ኔትወርክ፣ ጥገናውና የመምህራኑ ሥልጠና የውሉ አካል ነበሩ። በ2002 ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስል፤ ዋይፋይ ገና ለብዙ ቢሮዎች እንኳ እንግዳ ነበር። መላው ግዛት ከመጀመሩ በፊትም በየአካባቢው አንዳንድ ሆነው በተመረጡ ዘጠኝ ትምህርት ቤቶች ተሞክሯል።

ላፕቶፑ የልጁ ንብረት አይደለም፤ በስሙ ይመዘገባል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ይመለሳል። ማታ ወደ ቤት ይዞት ይሂድ አይሂድ የሚለውን ግዛቱ ለየአካባቢው የትምህርት አስተዳደር ተወው። ስለዚህ አንዱ ልጅ ቤቱ ገብቶ ድርሰቱን ሲጨርስ፣ የጎረቤት ወረዳው ልጅ ማሽኑን ትምህርት ቤት አስረክቦ ባዶ እጁን ይሄድ ነበር። ይህ የመርሐ ግብሩ ትልቁ ስንጥቅ ይመስለኛል። ልዩነትን ለማጥበብ የተገዛ ዕቃ ከበሩ እንዳይወጣ ሲደረግ፣ የሚጎዳው ቤቱ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሌለው ልጅ ነው።

ሜይን በጥንቃቄ የያዘችው ነገር ቢኖር መምህሩን ነው። መምህራኑ ማሽኑን ከተማሪዎቻቸው ቀድመው ተቀበሉ። ሥልጠናውም የቁልፍ አጫጫን ትምህርት ብቻ አልነበረም፤ ሳይንስ፣ ሒሳብና ቋንቋ በላፕቶፕ እንዴት እንደሚሰጥ መምህር ለመምህር የሚያሳይበት ነበር። የዚህን ክብደት የምናየው ከራሳችን ታሪክ ጋር ስናነጻጽረው ነው። የፓፐርትን ሐሳብ የወረሰው «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት፣ አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያለውን ኤክስኦ ኮምፒውተር በ2008 ወደ ኢትዮጵያ አምጥቶ፣ 5,000 ያህሉ በጀርመን ድጋፍ ለትምህርት ቤቶች ተከፋፍሎ ነበር። ልጆቹ ተደሰቱ፤ ማንም ሳያስተምራቸው ፎቶ ማንሳትና መጫወት ቻሉ። መምህራኑ ግን በቂ ሥልጠና አላገኙም፤ ከስድሳ በላይ ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ማስተማር የለመዱ ናቸው። አንዳንዶቹ ትምህርት ይረብሻል ብለው ላፕቶፑ በክፍል እንዳይከፈት ከለከሉ። እነዚህን መምህራን መውቀስ አይገባም። መሣሪያው ሲታሰብ እነርሱ አልታሰቡም።

ውጤቱስ? የደቡብ ሜይን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን የጽሑፍ ፈተና መርምረው ነበር። በ2000 የብቃት ደረጃውን ያሟሉት 29.1 በመቶ ነበሩ፤ በ2005 ቁጥሩ 41.4 በመቶ ደረሰ። ደስ የሚለው፣ መሻሻሉ ፈተናውን በወረቀት በጻፉትም ላይ መታየቱ ነው፤ ልጁ የተማረው መተየብን ሳይሆን መጻፍን ነበር ማለት ነው። ረቂቅን ሰርዞ፣ አዛውሮ፣ ደግሞ መጻፍ በእርሳስ እጅን ያደክማል፤ በስክሪን ላይ ግን ልጅም ይደፍረዋል። በሌሎች የትምህርት ዓይነቶች እንዲህ ያለ ግልጽ ለውጥ አልታየም፤ አገር አቀፍ ፈተናዎችም ላይ የሜይን ውጤት ብዙ አልተንቀሳቀሰም። ተቺዎች እስከ ዛሬ የሚያነሡት ይህንን ነው።

ከሌሎች አካባቢዎች ልምድ የሚቀሰመው ትምህርት ደግሞ የተለየ መልክ አለው። በቨርጂኒያ የሚገኘው የሄንራይኮ ካውንቲ በ2001 ወደ 23,000 አይቡክ ገዝቶ ነበር። በ2005 ያገለገሉትን 1,000 ማሽኖች በ50 ዶላር ለሕዝብ ሲሸጥ ሺዎች ተጋፍተው ሰው ተጎድቷል። በፔንሲልቬኒያ ደግሞ የሎወር ሜሪየን የትምህርት አስተዳደር በላፕቶፖቹ ካሜራ በኩል ተማሪዎችን ቤታቸው ድረስ ፎቶ ሲያነሣ ኖሮ በ2010 ተከሰሰ፤ 610,000 ዶላር ከፍሎ በስምምነት ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ አንድ ወላጅ የላፕቶፕ መቀበያ ውል ሲፈርም፣ ስለ ስባሪና ስለ ጠፋ ቻርጀር ክፍያ ከማንበቡ በፊት፣ ማን ምን ማየት እንደሚችል የሚናገረውን አንቀጽ ቢፈልግ መልካም ነው። በአሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆቻችን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ከኮቪድ ወዲህ አብዛኞቹ ልጆቻቸው ክሮምቡክ የተባለውን በጉግል ሥርዓት የሚሠራ ላፕቶፕ ተሸክመው ይመላለሳሉ።

ሜይን በ2009 መርሐ ግብሩን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከፈተች፤ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ወጪው በግዛቱ ሲሸፈን፣ ሁለተኛ ደረጃዎቹ ግን የሚገቡት ፈልገውና ከፍለው ነበር። በ2013 አገረ ገዥ ፖል ለፓዥ ከአፕል ይልቅ የኤችፒን ላፕቶፕ መረጡና ትምህርት ቤቶቹ ከበርካታ አማራጮች እንዲወስኑ ተፈቀደ። ብዙዎቹ አይፓድ የተባለውን የአፕል ታብሌት ወሰዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን መምህራን ጣት የሚነካው ስክሪን ለጨዋታ እንጂ ረጅም ጽሑፍ ለመጻፍ አይመችም ብለው አቤት አሉ፤ በ2016 ትምህርት ቤቶቹ አይፓዳቸውን አስረክበው ኪቦርድ ያለው ላፕቶፕ እንዲቀይሩ አፕልና ግዛቱ ተስማሙ።