«ጓንት አድርጌያለሁ እኮ!»፦ ስለ ኦፕሬሽን ክፍል ስልኮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኢንፌክሽን መከላከል ሥልጠና ላይ የሞባይል ስልክን ጉዳይ ባነሳሁ ቁጥር ተሰብሳቢው ፈገግ ይላል፤ ከዚያ ያው የለመድኳቸው መልሶች ይዘንባሉ። ሰልችተውኛልና አንድ በአንድ ልመልሳቸው።

«ስልኬ ንጹሕ ነው፣ ምንም አይታይበትም።» ባክቴሪያ በዓይን አይታይም። ቀጥሎ።

«ደረቅ ነገር ላይ ወዲያው ይሞታል።» አይሞትም። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስና አሲኔቶባክተር የሚባሉት ባክቴሪያዎች በደረቅ ገጽ ላይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያሉ። የስልኩ መስታወት ላይ ብዙም ላይባዙ ይችላሉ፤ የሚነካቸው እጅ እስኪመጣ በሕይወት መቆየታቸው ግን ይበቃል።

«እኔ በጓንት ነው የምነካው።» ይቺን ስሰማ ነው ትዕግሥቴ የሚያልቀው፤ ምክንያቱም የሚናገሯት ጀማሪ ተማሪዎች ሳይሆኑ ዓመታት የሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። ጓንት ጀርም አይገድልም። የነካውን ይዞ ወደሚቀጥለው ያደርሳል፣ ያውም ባለቤቱ መቆሸሹ ሳይሰማው። በባዶ እጁ የታካሚ አክታ የነካ ሰው ሮጦ ይታጠባል፤ በጓንት የነካው ግን ስልክ ያነሳል።

በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ የሰመመን ባለሙያ የታካሚውን ጉሮሮ በሰክሽን (ፈሳሽ በሚመጥ መሣሪያ) አጽድቶ የመተንፈሻ ቱቦውን አስገባ። እጁ የተካነ ነው፣ ሥራውም ያምራል። ስልኩ ጠራ። በዚያው ጓንት ከደረት ኪሱ አወጣና «ኦፕሬሽን ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ» ብሎ መለሰው። ወዲያው የካኑላውን (ደም ሥር ውስጥ የገባችውን ቀጭን ቱቦ) ክዳን ከፍቶ መድኃኒት ሰጠ። እስቲ አስቡት፦ የታካሚው ምራቅ ወደ ስልኩ ሄደ፤ ስልኩ ላይ ከሌላ ታካሚ የቀረ ካለ ደግሞ የደም ሥሩ በር ላይ ደረሰ። ማታ በዚሁ ስልክ ልጅ ይጫወትበታል። ጠጋ ብዬ ስነግረው ሁለት እጁን ዘርግቶ ጓንቱን አሳየኝ።

ስልክ መንካት የግድ ከሆነ ጓንቱ ይውለቅ፣ እጅ በአልኮል ይታሽ፣ ከዚያ ስልኩ ይነካ። ወደ ታካሚው ከመመለስ በፊት ደግሞ እጅ እንደገና ይታሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ የሚጠይቀው ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ነው። ጓንቱን ሳያወልቁ አልኮል ማሸት ግን ራስን ማታለል ነው።

«ነርሷ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ብትይዝልኝ ምን አለበት?» የሚሉም ሐኪሞች አሉ። አለበት። ነርሷ ስልኩን ይዛ ስትንጠራራ እጅጌዋም ስልኩም በስቴራይል (ከጀርም ነፃ በተደረገው) ቦታ አናት ላይ ያልፋሉ። ድምፅ ማጉያው ይከፈትና ርቃ ትቁም፤ ወይም መልእክቱን ተቀብላ ትንገር።

በተቃራኒው የሚያጋንኑም አሉ። «ስልክ ከሽንት ቤት መቀመጫ ይበልጥ ቆሻሻ ነው» የሚለው መፈክር ምንም አይጠቅመንም። ስልክ ላይ የሚገኘው አብዛኛው የተለመደ የቆዳ ባክቴሪያ ነው፤ ከብዛቱ ይልቅ የሚያስፈራው ዓይነቱና የሚሄድበት ቦታ ነው። ያ «ምንም አያደርግም» የሚባለው የቆዳ ባክቴሪያ ራሱ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ላይ ከደረሰ ታካሚውን ዳግም ኦፕሬሽን ውስጥ ያስገባል። ደግሞም ለቁስል ኢንፌክሽን ሁሉ ስልክን ተጠያቂ ማድረግ ስሕተት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ የታካሚው የራሱ ቆዳና አንጀት ነው።

«አልኮል ስክሪን ያበላሻል።» አፕል ራሱ በ2020 70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ባለው መጥረጊያ መጥረግ እንደሚቻል አሳውቋል። መጥረግ ነው የተባለው፤ አትርጩበት፣ ቀዳዳዎቹ ውስጥ እርጥበት አታስገቡ። በረኪና አይነካው። የእጅ ሳኒታይዘር ጄልም አይሆንም፣ የሚያጣብቅ ቅሪት ይተዋል። «96 በመቶው ጠንከር ይላል» ብላችሁም አትሸወዱ፤ አልኮል ጀርም ለመግደል ውኃ ያስፈልገዋል፣ ንጹሑ ደግሞ ሥራውን ሳይጨርስ ይተናል። ከቨሩን አውልቁ፣ ሥሩንም ጥረጉ፣ በራሱ ይድረቅ።

«የዩቪ ሳጥን (በአልትራቫዮሌት ብርሃን ጀርም የሚገድል) ገዝተናል።» ጥሩ፤ ግን ብርሃኑ የሚሠራው ያረፈበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ የጣት ቅባቱም መጀመሪያ መጠረግ አለበት።