ሥነ ልቦና ማንን ጠይቆ ነው? የፆታ አድልዎ ከሐረርና ከድሬዳዋ ሲታይ

በሥነ ልቦና ጥናት የፆታ አድልዎ የሚባለው አንዱን ፆታ የሰው ሁሉ መለኪያ አድርጎ ሌላውን በእሱ መመዘን ነው። መለኪያው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። አድልዎው ከንድፈ ሐሳቡ ሊነሳ ይችላል። ከተጠያቂ መረጣው፣ ከመጠይቁ ወይም ከውጤቱ አተረጓጎም ሊመጣም ይችላል። ነገሩ ለሐረርና ለድሬዳዋ ሩቅ አይደለም፤ የሥነ ልቦና መግቢያ በሐረማያም ሆነ በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ኮርስ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ የሚነሳው ምሳሌ የሎውረንስ ኮልበርግ የሥነ ምግባር ዕድገት ደረጃዎች ናቸው። ኮልበርግ በ1958 ለዶክትሬቱ ያነጋገራቸው 72 የቺካጎ ልጆች ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ጥያቄው እንዲህ ነው። የሰውየው ሚስት በካንሰር ልትሞት ነው። ፋርማሲስቱ ለመድኃኒቱ የማይቀመስ ዋጋ ጠርቷል። ባልየው ይስረቅ ወይስ አይስረቅ? ነጥብ የሚሰጠው ለመልሱ ሳይሆን ለምክንያቱ ነው። ስለ መብትና ስለ ፍትሕ በመርህ ደረጃ የተናገረ ላይኛው ደረጃ ላይ ይወጣል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካሮል ጊሊጋን በ1982 ይህን መለኪያ ተቸች። ይህንኑ ጥያቄ ከተጠየቁት መካከል ሁለት የ11 ዓመት ልጆች ነበሩ። ጄክ «ሕይወት ከገንዘብ ይበልጣልና ይስረቅ» አለ። ኤሚ ግን ጥያቄውን ራሱን አልወደደችውም። ሰርቆ ቢታሰርስ ሚስቱን ማን ያስታምማታል? ገንዘብ ይበደር፣ ከፋርማሲስቱ ጋር ይነጋገር፣ ሌላ መላ ይፈለግ አለች። በኮልበርግ መለኪያ ኤሚ ከጄክ በታች ሆነች። ጊሊጋን ግን የኤሚ መልስ ሰውን ከመንከባከብ የሚነሳ ሌላ ድምፅ እንጂ ዝቅ ያለ አይደለም አለች።

አሁን ጥያቄውን ጀጎል ግንብ ውስጥ ይዘነው እንግባ። ሐረሪዎች ለሠርግና ለሐዘን የሚረዳዱበት አፎቻ አላቸው፤ የወንዶቹ ለብቻ፣ የሴቶቹ ለብቻ። ለእኔ እንደሚመስለኝ የወንዶቹም አፎቻ የሚሰጠው የኤሚን መልስ ነው። ምን ሌብነት አመጣው? ይዋጣ፣ ሽማግሌ ወደ ፋርማሲስቱ ይላክ። እና እነዚህ ጢማቸው የሸበተ ሰዎች ከቺካጎ ልጅ በታች ሊቀመጡ ነው? «እንክብካቤ የሴት፣ ፍትሕ የወንድ» የሚለው የጊሊጋን ሐሳብም እዚህ ላይ ይላላል። በ1984 ሎውረንስ ዎከር የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስቦ ሲያይ በኮልበርግ መለኪያ በወንድና በሴት መካከል ያገኘው ልዩነት ጥቂት ነበር።

ሬቸል ሄር-ማስቲንና ጂን ማሬሴክ በ1988 አድልዎውን በሁለት ከፈሉት። አልፋ የሚባለው ልዩነትን ያጋንናል። ፍሮይድ በ1925 የሴት የሕሊና ዳኛ የወንዱን ያህል ከስሜት የተላቀቀ አይሆንም ብሎ ሲጽፍ አልፋ ነው። ቤታ ደግሞ ልዩነት ካለ እንኳ ሳይፈትሽ ያልፋል። የዚምባርዶ የ1971 የእስር ቤት ሙከራ 24 ወንዶችን ይዞ ስለ ሰው ልጅ ተናገረ። ሰው ታዝዞ ሌላውን በኤሌክትሪክ ይቀጣ እንደሆነ የፈተነው ሚልግራምም የጀመረው በ40 ወንዶች ነው። በኋላ 40 ሴቶችን ሲፈትን የታዘዙት እንደ ወንዶቹ 65 በመቶ ሆኑ። ቁጥሩ ገጠመ፤ ግን እስኪሞከር ድረስ ግምት ነበር።

ልዩነት ፈልጎ ማጣትም ራሱን የቻለ ችግር አለው። «ልዩነት ተገኘ» የሚለው ጥናት ይታተማል፣ «የለም» የሚለው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ጃኔት ሃይድ በ2005 የ46 ጥቅል ትንተናዎችን (የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የሚያዩ ሥራዎችን) ውጤት ስትደምር ከልዩነቶቹ 78 በመቶው ትንሽ ወይም ዜሮ አካባቢ ነበሩ። ከዚያ ብዙ ቀደም ብላ፣ በ1914፣ ሊታ ሆሊንግወርዝ የወር አበባ የሴትን አእምሮ ያዳክማል የሚለውን ወሬ ዝም ብላ ፈተነችው። ሴቶችን በየቀኑ እያስፈተነች ብትከታተል ድክመት አጣች። ሜሪ ካልኪንስ ደግሞ ሃርቫርድ የሚፈልገውን ሁሉ በ1895 ጨርሳ ሴት ስለሆነች ዶክትሬቱን ተከለከለች። በ1905 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነች!

አድልዎው በተንኮል ብቻ አይመጣም፤ በሰዓትም ይመጣል። መጠይቅ የያዘ ተማሪ ከምሳ በኋላ ድሬዳዋ ላይ ቢወጣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በርጫ ላይ የተቀመጡት ወንዶች ጊዜ አላቸው፣ ጨዋታም ይወዳሉ። ቀፊራ ገበያ ያለችው አትክልት ሻጭ ግን «ቆይ፣ ደንበኛ ላስተናግድ» ትለዋለች። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ገዢ ይመጣል፣ ወረቀቱ ሳይሞላ ይቀራል። ቤት ለቤት ቢሄድም «የቤቱን ኃላፊ ጥሩልኝ» ብሎ ይጀምራል። ሚስትየዋን ቢያገኝ ደግሞ አማት ከጓዳ ሆነው ያዳምጣሉ። በዚህ የተሰበሰበው ወረቀት ርዕሱ ላይ «የነዋሪዎች አመለካከት» ተብሎ ይጻፍበታል።

ወንዱም ከዚህ ጣጣ አያመልጥም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 20 ጥያቄ ያለው የአእምሮ ጭንቀት መለያ በአገራችን በብዛት ይሠራበታል። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። አንዱ ጥያቄ ከወትሮው በላይ ማልቀስን ይመለከታል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያደገ የድሬ ልጅ ቢጨንቀውም «ኧረ የለም» ይላል፣ ነጥቡም ይቀንሳል። ስለ ቁጣ ወይም ስለ ጫት የሚጠይቅ ከ20ው አንድም የለም። አንዳንድ አጥኚዎች ጭንቀት አለ የሚባልበትን የነጥብ ወሰን ለወንድና ለሴት ለየብቻ ያስቀምጣሉ። ይህ ድምሩን ያስተካክላል እንጂ የጎደለውን ጥያቄ አይጨምርም።