የሕፃናት ዕድገት ክትትልና ከልክ ያለፈ ውፍረት በጎጃም

በጎጃም የሕፃናት ዕድገት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው መቀንጨር፣ ማለትም ቁመት ለዕድሜ ማነሱ፣ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል። ጤፍና በቆሎ ለሌላ በሚተርፍበት አገር ይህ ቁጥር ይከብዳል። በዚያው ጥናት ወፍራም የሆኑት በአገር ደረጃ 1 በመቶ ብቻ ስለነበሩ፣ ውፍረት የከተማ ነገር ተደርጎ ቆየ። ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሊገጥሙ ይችላሉ።

ጨቅላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክብደቱ እስከ 10 በመቶ ቢቀንስም በሁለት ሳምንት ይመልሳል። በ5 ወሩ ገደማ ሲወለድ የነበረው ክብደት እጥፍ ይሆናል፣ በዓመቱ ሦስት እጥፍ። ዓመት ሊሞላው ሲል ሞላ ይልና ከዚያ እየቀጠነ እስከ 5 ወይም 6 ዓመቱ ይዘልቃል፤ እናቶች «ልጄ ከሳብኝ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው። መልሶ መወፈሩ ከ5 ዓመት በፊት የጀመረ ልጅ ኋላ ላይ ከልክ በላይ የመወፈር ዕድሉ ከፍ ይላል። መንስኤው ይህ ነው ወይስ ምልክቱ፣ ባለሙያዎች አልተስማሙበትም።

ጤና ኬላዎቻችን ከ2 ዓመት በታች ያሉትን በየወሩ መመዘናቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ጉድለቱ ቁመት መዘለሉ ነው። 13 ኪሎ የሚመዝን የ2 ዓመት ወንድ ልጅ በክብደት ካርዱ ላይ ደህና ነው። ቁመቱ 87 ሳንቲ ሜትር ከሆነ እውነትም ደህና ነው። 78 ከሆነ ግን ክፉኛ ቀንጭሯል፣ ክብደቱ ለቁመቱ ሲሰላም ከ+2 (ከጤናማ ልጆች መካከለኛ በ2 መደበኛ ልዩነት) በላይ ወጥቶ ወፍራም ይባላል።

በተንጠልጣይ ሚዛን ሲመዘን ባዶው ማንጠልጠያ ሱሪ ተሰቅሎ መርፌው ዜሮ ላይ ይስተካከላል፤ ልጁ ልብሱን አውልቆ ይገባል፤ መርፌው ሲረጋ በዓይን ትክክል ይነበባል። ጋቢውን ሳያወልቁ መመዘን ግማሽ ኪሎ ሊጨምር ይችላል። ቁመት ለሁለት ሰው ሥራ ነው፦ አንዱ ጭንቅላቱን ከመለኪያው ሰሌዳ ያስጠጋል፣ ሌላው ጉልበቱን ጫን አድርጎ እግሩን ያስረግጣል። ከ2 ዓመት በታች ተኝቶ፣ ከዚያ በላይ ቆሞ ይለካል፤ የተኛው ልኬት በ0.7 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ቁንጮ ያለው ልጅ ሲቆም ሰሌዳው ፀጉሩን ተጭኖ ራስ ቅሉን መንካት አለበት። ዕድሜውም ያሳስታል፤ «ለጥምቀት ማግስት ተወለደ» የተባለው የዘንድሮ ይሁን የአምና በደንብ ይጠየቅ። የአንድ ወር ስህተት እንኳ ያዛባል፦ በ5 እና በ6 ወር መካከል ያለው የመካከለኛ ክብደት ልዩነት ለወንድ 400 ግራም ያህል ነው።

ለጨቅላ ትኩስ ቅቤ ማስዋጥ እየቀረ ቢሆንም አልጠፋም። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይበቃል። ከዚያ ሦስት እጅ እህል ከአንድ እጅ ጥራጥሬ ጋር ተመጥኖ የሚሠራ ገንፎ ይሰጣል፣ ከማንኪያ የማይፈስ ሆኖ። ቀጭን አጥሚት ስኳር ሲበዛበት ያጠግባል እንጂ ቁመት አይጨምርም። በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር (በአከላለሉ ቢያከራክርም የቀድሞው ጎጃም ነው) ብስኩትና ለስላሳ የዚህን ቦታ እየያዙ ነው።

የወፈረ ሕፃን ምግብ አይቀነስበትም። ጣፋጩ ወጥቶ እንቁላል፣ ሽሮና ጎመን ይገባሉ፤ በየቀኑ ለ3 ሰዓት ያህል ይሯሯጣል፤ ክብደቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ እስኪደርስበት ይጠበቃል። ከ5 ዓመት በኋላ መለኪያው ስለሚለወጥ ከ+1 በላይ የሆነው ወፍራም፣ ከ+2 በላይ የሆነው ከልክ በላይ የወፈረ ይባላል።