ስሙንማ ያውቀው ነበር

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለውን የባለጸጋውንና የአልዓዛርን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምተናል! እኔን ግን ዘንድሮ በዐቢይ ጾም አንዲት ቃል ያዘችኝ። ባለጸጋው በሲኦል ሆኖ ሲጮኽ «አልዓዛርን ስደድልኝ» ይላል። በስሙ ጠራው። ያውቀው ነበር ማለት ነው። ደጁ ላይ ማን እንደተኛ ያውቃል። ውሾቹ እንኳ ቀርበው ቁስሉን ይልሱ ነበር። ባለጸጋው አንድ ቀን ወጥቶ «ምን ሆነህ ነው?» አለው የሚል ግን ወንጌሉ ላይ የለም።

ይህን የምጽፈው ራሴን እዚያ ስላገኘሁት ነው። ባሕር ዳር በምንኖርበት ግቢ አንድ አዛውንት ጥበቃ አሉ። ምሳ ሲበሉ አይቻቸው አላውቅም። «55ቱንም ቀን አክርረው ይጾማሉ» እል ነበር። እሑድም ግን አይበሉም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእህል እንደማይጾም ደግሞ አሳምሬ አውቃለሁ።

ታዲያ ለምን አልጠየቅሁም? ከጠየቅሁ መልሱ ይመጣል። መልሱ ከመጣ ከኪሴ የሚወጣ ነገር አለ። ዝም ካልኩ ግን «አላወቅሁም» እላለሁ።

ምሳሌ 24፥12 ይህቺን መሸሸጊያ ያፈርስብናል። «አላወቅንም» ብንል ልብን የሚመዝነው አምላክ አያስተውልምን? ላለማወቅ ብለን የዞርነውን መንገድ ሁሉ ያያል። እኔ ምሳ ሰዓት ላይ በጓሮ በር መውጣት ጀምሬ ነበር። በማቴዎስ 25 በግራ የቆሙትም «ጌታ ሆይ፣ ተርበህ መቼ አየንህ?» ነው ያሉት። ይህ ጥያቄ አሁን ያስፈራኛል። የእኔው አነጋገር ነዋ!

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጣና ዳር ወረድኩ። አንድ ቀዛፊ የደንገል ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ አቁሞታል። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ትንሽ ትንሽ እያለ ይከብዳል፤ ካላደረቁት ይበሰብሳል። ብዙ ቆሜ አየሁት። የእኔም ልብ በየምሳ ሰዓቱ እንዲሁ ሲከብድ ከርሟል።

ወደ ቤት ስመለስ በዋናው በር ገባሁ።

«አባባ፣ ምሳ በልተዋል?»

ዝም ብለው አዩኝ።

«የዛሬውን ነው የምትጠይቂኝ፣ ልጄ?» አሉኝ።