ክራዮጄኒክ ኦፕቲክስ፦ የፋር ኢንፍራሬድ መሳሪያ እንዴት ተሰርቶ ይፈተናል

ፋር ኢንፍራሬድ በአይን የማይታይ ብርሃን ነው፣ ኮከብ የሚወለድበት ቀዝቃዛ አቧራ የሚያበራውም በሱ ነው። ጣጣው ግን ቴሌስኮፑም ራሱ ያበራል! መስታወቱ፣ ቡሎኑ፣ ማቀፊያው፣ የክፍል ሙቀት ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይህንኑ ብርሃን ስለሚረጭ በሞቀ መሳሪያ ማየት በጠራራ ፀሐይ ኮከብ እንደመፈለግ ነው። ማቀዝቀዝ የግድ ነው፣ ክራዮጄኒክ ኦፕቲክስ የሚባለውም በጣም ቀዝቅዞ የሚሰራ የመስታወትና የፊልተር ስራ ነው።

ጥሩ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በሜይ 2009 የተወነጨፈው የአውሮፓ የህዋ ቴሌስኮፕ ሄርሼል ነው። 3.5 ሜትር የሆነው የሲሊከን ካርባይድ መስታወቱ ወደ 85 ኬልቪን ገደማ (ከዜሮ በታች 188 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል፣ ዜሮ ኬልቪን የመጨረሻው ቅዝቃዜ ነው) ነው የወረደው፣ መሳሪያዎቹን ግን ከ2000 ሊትር በላይ ፈሳሽ ሂሊየም የያዘ ክራዮስታት፣ ማለትም እንደ ፔርሙዝ ያለ ማቀዝቀዣ እቃ፣ ነበር የሚያቀዘቅዛቸው፣ በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የተሰራው ስፓየር የሚባለው መሳሪያ ደግሞ ዲቴክተሮቹ (ብርሃኑን የሚለኩት ክፍሎች) 0.3 ኬልቪን ላይ ነበር የሚሰሩት።

ዋናው ራስ ምታት መኮማተር ነው። አሉሚኒየም ከክፍል ሙቀት ወደ 4 ኬልቪን ሲወርድ በሜትር 4 ሚሊሜትር ያህል ያጥራል፣ እዚህ ስራ ላይ ደግሞ 4 ሚሊሜትር ብዙ ነው። ብርጭቆና ብረት አጣብቀህ ብታቀዘቅዘው አንዱ ሌላውን ይጎትታል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መስታወቱንም የተቀመጠበትንም ጠረጴዛ ከአሉሚኒየም ይሰሩታል፣ ሁሉም እኩል ስለሚያጥር ቅርጹ አይዛባም፣ ሌላው ጥቅሙ ደግሞ ሌንስ ሳይኖር መስታወት ብቻ ከሆነ ሳይቀዘቅዝ በፊት በተራ ሌዘር ማስተካከል ይቻላል።

የማይፈለገውን ብርሃን የሚያስቀሩት ፊልተሮች ለኔ ከሁሉም ይበልጥ ያምራሉ፦ ስስ የፖሊፕሮፕሊን ፕላስቲክ ላይ በጣም ደቃቅ የመዳብ ወንፊት ይታተምና ብዙ ንብርብር በሙቀት ተጨምቆ አንድ ይሆናል፣ የትኛው ብርሃን እንደሚያልፍ የሚወስነው የወንፊቱ አይን ስፋት ነው።

ፈተናው የሚካሄደው ክራዮስታት ውስጥ ነው፣ ማለትም እንደ ፔርሙዝ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀመጠ፣ አየሩ የተመጠጠ እቃ። ከውጭ በኩል 77 ኬልቪን የሆነ የናይትሮጅን ሽፋን፣ መሃሉ ላይ ሂሊየም። ትልቅ ከሆነ ለማቀዝቀዝ ብቻ ቀናት ይፈጃል፣ ውስጥ አንድ ገመድ ከተላቀቀ እንደገና አሙቆ፣ ከፍቶ፣ ከዜሮ መጀመር ነው፣ ሳይሞቅ ከከፈትከው ደግሞ የአየሩ እርጥበት መስታወቱ ላይ በረዶ ይሰራል። ሌላው ክፉ ነገር የብርሃን ስርቆሽ ነው። ገመድ የሚያልፍባት ቀዳዳ ዙሪያ ትንሽ ክፍተት ከቀረች የውጩ ሙቀት በሷ ገብቶ ዲቴክተሩን ያሳውረዋል፣ መድሃኒቷ አንዳንዴ የአሉሚኒየም ፕላስተር ነው። ለህዋ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የሮኬቱን ንዝረት መቻሉም ይሞከራል።

የሄርሼል ሂሊየም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2013 አለቀ፣ መስታወቱ ደህና ነበር፣ መሳሪያዎቹ ግን ሞቁ፣ በዛው ምልከታው አበቃ።