ከሜዳው ወደ ዳገቱ፦ በባሕር ዳር ዙሪያ የገጠር መንገድ ሳይክል

ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ናት ሲባል ሁሉም ሰው ዐይኑ ላይ የሚመጣው ዘንባባ የተደረደረበት ሰፊ ጎዳና ነው። እውነት ነው። ተማሪው፣ መምህሩ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ኋላው ላይ ጆንያ ያሰረው ነጋዴ፣ ሁሉም በሳይክል ይሄዳል። ከተማዋ ሜዳ ናት። ጎዳናዎቿም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀርመን ባለሙያዎች ባወጡት ማስተር ፕላን መሠረት ሰፋ ብለው የተቀየሱ ስለሆነ ለፔዳል ይመቻሉ። ግን ሜዳው ቶሎ ያልቃል። ከከተማው ትንሽ ወጣ ሲባል ኮረብታው ይጀምራል፣ መኪናው ይቀንሳል፣ መንገዱ የእግረኛና የአህያ ይሆናል። የአካባቢው የሳይክል ጣዕም ያለው እዚያ ነው ብዬ ነው የማምነው።

ኮረብታው ከየት መጣ? ጣና ራሱ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። የቀለጠ ዐለት ፈስሶ የዓባይን መውጫ ሲዘጋው ውሃው ተጠራቀመ። ከሐይቁ በስተደቡብ ያለው ጥቁር ድንጋይና ጉብ ጉብ ያለ መሬት የዚያ ቅሪት ነው። ለዚህ ነው እዚህ አገር ዳገቱ አጫጭርና ተደጋጋሚ የሚሆነው። አንዱን ጨረስኩ ሲሉ ሌላው ይመጣል።

ከፍታውም አይረሳ። ሐይቁ ያለው ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በአምስት አንድ እጅ ያንሳል። ከቆላ የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዳገት ላይ ትንፋሹ ቢያጥረው ደካማ ስለሆነ አይደለም፣ ቀስ ብሎ ይልመድ።

ጀማሪ ሳይርቅ እግሩን መሞከር ከፈለገ ቤዛዊት አለችለት። ከከተማው ዳር ያለች ኮረብታ ናት። አናቷ ላይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አለ፣ ከታች ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲሄድ ይታያል። ዳገቷ አጭር ነው፣ ግን ማርሽ የሌለው ሳይክል የያዘ ሰው መጨረሻው ላይ ወርዶ ይገፋል። ቢገፋም አያሳፍርም።

በጣም የምወደው የጢስ ዓባይን መንገድ ነው። ከከተማው በደቡብ ምሥራቅ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወንዙ የሚወርደው ወደዚያው ስለሆነ መንገዱም ሲሄዱ በጥቅሉ ቁልቁለቱ ያመዝናል፣ ይህንን ያልተረዳ ሰው ጠዋት በደስታ ይበርና ዳገቱ ሁሉ የሚጠብቀው ሲመለስ፣ ያውም ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ መሆኑን የሚያውቀው ፏፏቴውን አይቶ ፊቱን ወደ ከተማ ሲያዞር ነው። ስለዚህ ግማሽ ጉልበት ለመልስ ይቀመጥ። ፏፏቴው ጋ የሚወስደው የእግር መንገድ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ላይ ያልፋል፣ ሳይክሉን መንደሩ ውስጥ ለሚያምኑት ሰው ሰጥቶ በእግር መሄድ ይሻላል። ከውሃው አብዛኛው ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫው ስለሚዞር በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል። ሞልቶ የሚያጓራው ክረምት ላይና ክረምቱ እንደወጣ ነው።

ወደ ዘጌ ያለው መንገድ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በምዕራቡ የሐይቅ ዳር ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፣ የሚታወቀውም በአፈርና በኮረኮንች ነው። ቀጭን ጎማ ያለው የእሽቅድምድም ሳይክል እዚህ ይሠቃያል፣ ወፈር ያለ ጎማ ነው የሚፈለገው። ዘጌ ልሳነ ምድር፣ ማለትም ወደ ሐይቁ ገባ ያለ መሬት ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ቡናው ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀበላል። በአካባቢው ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም መሬቱ እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይገባበት ስለገዘቱ ነው ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው ይባላል። ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም እዚያው ናቸው። የደከመው ሰው ከባለ ጀልባ ጋር ተስማምቶ ሳይክሉን ጭኖ በውሃ ሊመለስ ይችላል።

ጠንካራ እግር ያለው የጎንደርን አስፋልት ይይዛል። መነሻው ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ነው። 380 ሜትር ይረዝማል፣ ለብስክሌትና ለእግረኛም የራሱ መስመር አለው። ከድልድዩ ወዲያ ሐሙሲት፣ ከዚያ ጉማራን ተሻግሮ የፎገራ ሜዳ። እዚህ ዳገት የለም፣ ሩዝ ነው ግራና ቀኝ። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከወረታ ወደ ቀኝ የታጠፈ ሰው ግን እውነተኛውን ዳገት ያገኛል፦ 40 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ከ1,800 ሜትር ተነስቶ 2,700 ገደማ ላይ ወዳለችው ደብረ ታቦር ይወጣል። በመሀል ወደ አውራምባ ማኅበረሰብ የሚያስገባ ቅያስ አለ፣ አረፍ ለማለትም ሰበብ ይሆናል። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚታሰብ አይደለም፣ እዚያው ማደር ነው።

የአዲስ አበባው አስፋልት በመሸንቲና በመራዊ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ጥሩ አስፋልት ነው፣ ግን የጭነት መኪና ይበዛበታል፣ ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም። የአዴቱ መንገድ ኮረብታማ ነው።

ሰዓት ከምንም በላይ ወሳኝ ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ መውጣት፣ 4 ሰዓት ሳይሆን ፊትን ወደ ቤት ማዞር። ከረፋድ በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብሱ መንፈስ ይጀምራል። ከደቡብ ወደ ከተማው የሚመለስ ሰው ታዲያ ነፋሱን ፊት ለፊት ነው የሚቀበለው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ክረምት ላይ አስፋልት ያልሆነውን መንገድ መተው ነው፣ ዋልካው ጎማና ፍሬኑ መሀል ገብቶ ይጠቀጠቅና ሳይክሉን ተሸክሞ መሄድ ይመጣል። ምርጡ ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። አደይ አበባው አለ፣ አቧራው ገና አልተነሳም፣ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው።

መንገዱ የሳይክለኛ ብቻ አይደለም፣ እንዲያውም እኛ እንግዶች ነን። የገበያ ቀን ሙሉ መንደር መንገድ ላይ ነው። አህያ ከነጭነቱ፣ ዶሮ አንጠልጥላ የምትሄድ እናት፣ በግ የሚነዳ ልጅ። ከኋላ በፍጥነት መጥቶ ደወል ማንጫረር አህያውን ያስደነብራል፣ ጭነቱ ይወድቃል፣ የሰው ቀን ይበላሻል። ቀድሞ ድምፅ አሰምቶ፣ ፍጥነት ቀንሶ፣ «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ማለፍ ነው ደንቡ። መልሱም ያምራል። ዳገት ላይ የሚያለከልክ ሰው ሲያዩ ልጆቹ «አይዞህ! በርታ!» እያሉ ጎን ለጎን ይሮጣሉ። ውሻ ከተከተለ ከሳይክሉ ወርዶ፣ ሳይክሉን መሀል አድርጎ ቀስ ብሎ መራመድ ይበጃል። ሩጫ ያባብሰዋል።

ስንቅ ቀላል ነው። በሶ በማር ወይም በስኳር ተበጥብጦ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ከየትኛውም የታሸገ የስፖርት ምግብ አያንስም። ቆሎ ኪስ ውስጥ። መንገድ ላይ እንደ ወቅቱ ማንጎና ሸንኮራ ይገኛል።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተነሳ ወዲህ ስለ መንገዱ ሰላም ሳይጠይቁ ከከተማ መውጣት አይገባም። ዋዜማውን ከዚያ አቅጣጫ የመጣ ሾፌር ወይም የአካባቢውን ሰው መጠየቅ፣ «ይቅርብህ» ካሉ መተው። የትኛውም ዳገት ከሰው ሕይወት አይበልጥም።

 

ብልሽት ሲመጣ ጎሚስታ ነው መድኃኒቱ። ከተማው ውስጥ ሞልቷል፣ ገጠር ላይ ግን በየትናንሽ ከተማው አንድ ቢገኝ ነው። አብዛኛው ቀዳዳ የሚመጣው ከግራር እሾህ ነው። ጎሚስታው ካላማዳሪያውን (የውስጡን ጎማ) ነፍቶ ሳህን ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፣ አረፋ ያወጣበትን በጣቱ ይይዛል፣ አድርቆ በአሸዋ ወረቀት ይፈገፍግና ማስቲሽ ቀብቶ ይለጥፋል። ከዚያ ግን የውጩን ጎማ ከውስጥ በኩል በጣት መዳሰስ አለበት፣ እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ መቶ ሜትር ሳይሄዱ እንደገና ይበሳዋል። መለዋወጫ ካላማዳሪያና ትንሽ መንፊያ ሳይዙ ከሐሙሲት ማዶ አይኬድ።