ላብ ስብ አይደለም

ጥር ሲቃረብ ጂማችን ይሞላል። ሙሽራው፣ ሚዜው፣ የሙሽሪት እህት፣ ሁሉም ይመጣል። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ቦርጭ በስንት ቀን ይጠፋል?» አሰልጣኝ ከሆንኩ ዓመታት አልፈዋል። ይህን ጥያቄ ግን አሁንም በትዕግሥት መመለስ ያቅተኛል። ምክንያቱም ብዙው ሰው መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሆዱ ላይ ላስቲክ ጠቅልሎ፣ ከላይ ወፍራም ጃኬት ደርቦ።

«ላብ ወጣ ማለት ስብ ቀለጠ ማለት ነው» ይሉኛል። አይደለም! ላብ ውሃና ጨው ነው፤ ሥራውም ሰውነትን ማቀዝቀዝ ነው። ስብ ሲቃጠል አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ የቀረው ውሃ ይሆናል። ላስቲኩ ላቡ እንዳይተን ይከለክላል። ላብ ካልተነነ ደግሞ ሙቀቱ ሰውነት ውስጥ ይታፈናል፣ ልብም በከንቱ ይደክማል።

አምና አንድ ደንበኛዬ እንዲሁ ተጠቅልሎ አንድ ሰዓት ሮጠና ሚዛን ላይ ወጣ። አንድ ኪሎ ቀንሷል። ደስታው ልክ አልነበረውም። ፊቱ ግን በርበሬ መስሏል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። አስቀመጥኩትና አንድ ሊትር ውሃ ቀስ እያለ እንዲጠጣ አደረግኩት። ከዚያ እንደገና ሚዛኑ ላይ አወጣሁት። ኪሎዋ ተመልሳ ቁጭ ብላለች። ምንም ሳይናገር ላስቲኩን ከሆዱ ፈታ።

ሲት አፕም (በጀርባ ተኝቶ ወገብን ማንሳት) ቦርጭ አያጠፋም። በቀን 200 ብትሠራ የሆድ ጡንቻህ ይጠነክራል እንጂ ከላዩ ያለው ስብ ተመርጦ አይሄድም። ስብ የሚቀንሰው ከመላው ሰውነት ነው፤ ከየት እንደሚጀምር የሚወስኑት ዘርና ሆርሞን ናቸው። ማታ ማታ የምትጠጣውን ቢራ ሳትቀንስ ሲት አፕ ብትደረድር ለውጥ አታይም።

«ሴት ብረት ካነሳች ወንድ ትመስላለች» የሚባለውም ውሸት ነው። ጡንቻ የሚያሳድገው ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮን፣ በሴት ከወንድ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። እንዲያውም ብረት አጥንቷን ያጠነክርላታል።

«ካላመመኝ አልሠራሁም»? ሕመም የጥሩ ሥራ መለኪያ አይደለም።

«ዕድሜዬ ሄዷል»? ጡንቻ በ70 ዓመትም ይጠነክራል።

እንግዲህ ከየት ይጀመር? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ቢያንስ 2 ቀን ደግሞ ጡንቻ ማጠንከሪያ። 150 ደቂቃ ማለት በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ በሳምንት 5 ቀን ነው። እያወራህ መሄድ ከቻልክ፣ መዝፈን ግን ካቃተህ፣ ልኩ እሱ ነው።

ከዚያ ቀስ በቀስ ጨምር። መስቀል አደባባይ ንጋት ላይ የማየው ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን ደረጃውን ሁሉ ከሯጮቹ ጋር ይጨርሳል። በማግስቱ ከአልጋው መውረድ ያቅተዋል፤ በሦስተኛው ቀን ይቀራል። የመጀመሪያው ሳምንት 2 ዙር ይበቃል፤ በሚቀጥለው አንድ ጨምር። የዕረፍት ቀንም ይኑርህ፤ ጡንቻ የሚጠገነው ስታርፍ ነው።

ሠርግህ ጥር ከሆነ መስከረም ላይ ና። ላስቲኩን ቤት ተወው፤ ውሃ ያዝ።